ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪ

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን በሁለት ቃል ልመልሰው አልፈለግሁም። «ፍሉ ሾት የተወጋ ሰው ኢንፍሉዌንዛው ቢቀርለት እንኳ ለሌላው ጉንፋንና ሳል ይጋለጣል ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ?» ነው ያልሽኝ። አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽ። ትልቁ ልጅሽ ከዴይኬር በየሳምንቱ ንፍጥ ይዞ ይመጣል። እናትሽ ደግሞ ሰባ አምስትን አልፋ፣ ከአስሟ ጋር እዚያው ሜሪላንድ እቤትሽ ተቀምጣለች። ይህን ሁሉ ነፍስ የምትጠብቅ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ዝም ብትል ነበር የሚገርመኝ። «ተይው፣ የዩቲዩብ ወሬ ነው» ብዬ ልሸኝሽ እችል ነበር። አባቶቻችን ግን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር አሉ እንጂ ጆሮህን ድፈን አላሉም። ዕድሜዬን በክሊኒክ የሰው ሳል ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ መላውን አብረን እንጨምርበት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የዚህ ወሬ ሥሩ ሐሰት አይደለም፤ ያንን አስቀድሜ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲው ቤንጃሚን ካውሊንግና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 115 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለ69ኙ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፣ ለ46ቱ ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጡ። ለማን የትኛው እንደደረሰ ልጁም ወላጁም አያውቁም። ከዚያ ወራት ሙሉ እየተከታተሉ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ከአፍንጫና ከጉሮሮው ናሙና ወስደው ያሳመመውን ቫይረስ ለዩ። ኢንፍሉዌንዛ ባልሆኑ ቫይረሶች የመታመም ዕድል በተከተቡት ልጆች ላይ ካልተከተቡት 4.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ተራ ጉንፋን የሚያመጡት ራይኖቫይረሶችና መሰሎቻቸው ነበሩ።

ይህን የነገረሽ ሰው አልዋሸሽም፤ የቀረውን ግን አልነገረሽም። 115 ልጅ ማለት የአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ተማሪ ነው። ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ፣ በዚያው ጥናት ላይ ከ4.4 ጎን የተጻፈው የግምት ወሰን ከ1.3 እስከ 14.8 ይሄዳል። እውነተኛው ልዩነት ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ በጣም ትልቅም ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ ጥናት ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግኝት የሚያስፈልገው ሌላ ሰው በሌላ አገር በብዙ ሰው ላይ ደግሞ እንዲያየው ነው። በአንድ ጥናት ብቻ ለቤተሰብ መፍረድ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ዓይነት ችኮላ ነው።

ደግሞስ፣ እውነት ቢሆን እንኳ ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው የሚፈራው ክትባቱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል ብሎ ነው። ሆንግ ኮንጎቹ ያሰቡት ግን ሌላ ነው። አንድ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ፣ ሴሎች ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር ይረጫሉ። ያ ማስጠንቀቂያ እስኪበርድ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ሌላውም ቫይረስ በቀላሉ አይገባም። በግላስጎው ከተማ ከ2005 እስከ 2013 ከ44 ሺህ በላይ ሕሙማን ላይ የተደረገውን ምርመራ ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ሲበዛ ራይኖቫይረስ እንደሚቀንስ አይተዋል። እንግዲህ በክትባት ከኢንፍሉዌንዛ የዳነ ሰው፣ በመታመም የሚገኘውን ያችን አጭር ጊዜያዊ ጥላም አያገኛትም። የሐሳቡ ፍሬ ይኸው ነው። ልጄ፣ ይህን ጥላ ፍለጋ ኢንፍሉዌንዛን በፈቃድ መቀበል ግን ምን ዓይነት ልውውጥ ነው? ራይኖቫይረስ ልጅሽን ለአንድ ሳምንት ያነጥሰዋል። አስም ያለባትን እናትሽንም ያስቸግራታል፣ አልክድም። ኢንፍሉዌንዛ ግን ሆስፒታል ያስተኛል፣ ይገድላልም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አናስቀምጣቸውም።

በ2020 ኮቪድ ዓለሙን ሲያስጨንቅ ወሬው እንደገና ተነሣ። «ፍሉ ሾት የወሰደ ለኮቪድ ይጋለጣል» የሚል ነገር በዋትስአፕም በቴሌግራምም ሲዞር አይተሽ ይሆናል። መነሻው በአሜሪካ የመከላከያ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የተሠራ፣ የ2017–18ን ክረምት የሚመለከት ጥናት ነው። በዚያ ጥናት በተከተቡት ዘንድ ኮሮናቫይረስ ትንሽ በዝቶ ታይቷል፤ 1.36 እጥፍ ያህል። ነገር ግን እነዚያ ድሮም በየክረምቱ ጉንፋን የሚያመጡ የቆዩ ኮሮናቫይረሶች ናቸው። ኮቪድን የሚያመጣው ቫይረስ ያኔ ገና በሰው ላይ አልታየም ነበር፤ የታወቀው በ2019 መጨረሻ ነውና። ያው ጥናት ደግሞ የተከተቡት ሰዎች በፓራኢንፍሉዌንዛና አር ኤስ ቪ በሚባሉት ቫይረሶች ያነሰ መያዛቸውን ጽፏል። ይህን ግማሹን ማንም አላዞረውም።

በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ውስጥ አንድ የስሌት ወጥመድም አለ። ቀስ ብለሽ ተከተዪኝ፤ ቁጥሩን እኔው ለማስረዳት ያመጣሁት ነው። አንድ ክሊኒክ ሳል ያለባቸው አሥር ያልተከተቡ ሰዎች መጡ እንበል፤ አራቱ ኢንፍሉዌንዛ፣ ስድስቱ ሌላ ቫይረስ አለባቸው። ከተከተቡት ወገን ደግሞ ኢንፍሉዌንዛው በክትባቱ ስለቀረላቸው የመጡት ያው ስድስቱ ብቻ ናቸው። ከመጡት መካከል «ሌላ ቫይረስ» ያለበትን ስንቆጥር፣ ካልተከተቡት ከመቶ ስልሳ፣ ከተከተቡት ከመቶ መቶ ሆነ። አንድ ሰው እንኳ አልተጨመረም! የጎደለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ጥናት ሠሪው ማንን ከማን ጋር እንዳነጻጸረ ሳያዩ አኃዙን ብቻ የሚያነቡ ሰዎች፣ ክትባቱ የሠራበትን ምልክት ራሱን የጉዳት ማስረጃ ያደርጉታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን ያሳረፈው የካናዳዋ የዳኑታ ስኮውሮንስኪ ሥራ ነው። ይህች የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪ በ2010 ከባልደረቦቿ ጋር ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር አሳትማለች። በ2008–09 የተለመደውን የፍሉ ክትባት የወሰዱ ካናዳውያን፣ በ2009 በተነሣው በአዲሱ የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ታመው ሐኪም ጋ የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ነበር። ይህን ሳትሸሽግ ጻፈች። ያችው ሰው በ2020 ስለ አንቺ ጥያቄ የካናዳን የሰባት ክረምት መረጃ፣ ከ2010–11 እስከ 2016–17፣ ዘርዝራ መረመረች። የፍሉ ክትባት በኮሮናቫይረሶችም ሆነ በሌሎቹ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች የመያዝን ዕድል አይጨምርም ብላ ደመደመች። የማይወደድ ነገር ሲገኝ ያልደበቀ ሰው፣ ምንም አላገኘሁም ሲል ማመን ይቀላል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ማርሽፊልድ ላይ በተከታታይ ክረምቶች የተሠራውና በ2013 የወጣው ጥናትም ያው ነው ያገኘው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

«ታዲያ እኔ ባለፈው ዓመት በተወጋሁ በሳምንቴ ለምን ታመምኩ?» ትይኝ ይሆናል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። ክንድ ያሳምማል፣ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና ድካም ሊያመጣ ይችላል። መከላከያው ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ደግሞ መቼ እንደምትወጊ አስቢው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆች ራይኖቫይረስ በሚለዋወጡበት ወቅት ነው። በዚያ ሰሞን ያልተወጋውም ያነጥሳል፣ የተወጋውም ያነጥሳል፤ የተወጋው ብቻ መርፌውን ያስታውሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የፍሉ ክትባት በሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ላይ የሚያደርገው ነገር ካለ፣ ትልቁና የተረጋገጠው ወደ ደጉ ያዘነበለ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ይገሸልጠዋል፤ አቧራና ተሐዋስያንን ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ጸጉሮች ያጠፋቸዋል። ከዚያ በኋላ በአፍንጫና በጉሮሮ ዝም ብለው የሚኖሩት እነ ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ሰው ኢንፍሉዌንዛው ለቀቀኝ ብሎ ሲነሣ፣ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመልሶ ደረቱን የሚወጋው ይህ የሳንባ ምች ነው።

የእኛ ሰው ይህን መከራ አይቶታል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ የወረደውን የኅዳር በሽታ ከአያቶችሽ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ዓለሙን ሁሉ የፈጀው ያ ኢንፍሉዌንዛ በከተማችን ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ፤ ቀባሪ ታጣ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚጤስበት «ኅዳር ሲታጠን» ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይታሰባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በዚያን ጊዜ የሞቱ ሰዎችን የሳንባ ናሙናና የአስከሬን ምርመራ ጽሑፎች አገላብጠው በ2008 እንደጻፉት፣ የሚበዙት የሞቱት ቫይረሱን ተከትሎ በመጣው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው። የመጀመሪያውን በር የከፈተውን መከልከል የኋለኛውንም መከልከል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ላንቺ በተለይ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ባንግላዲሽ ዳካ ላይ 340 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ የኢንፍሉዌንዛ፣ ገሚሶቹ የኒሞኮከስ ክትባት ወሰዱ። ውጤቱ በ2008 ሲታተም፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከወሰዱት እናቶች የተወለዱት ጨቅላዎች በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ኢንፍሉዌንዛ በ63 በመቶ ቀንሶላቸዋል። እኔን የበለጠ የሳበኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ከየትኛውም ተሐዋስ ይምጣ ትኩሳት ያለው የመተንፈሻ አካል ሕመም ሁሉ በሕፃናቱ ላይ በ29 በመቶ ወርዷል። ክትባቱ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን የሚከፍት ቢሆን ኖሮ ይህ አጠቃላይ ቁጥር ባልወረደ ነበር። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን የፍሉ ክትባት አይሰጠውም፤ መከላከያውን ሊሰጠው የሚችለው የአንቺ ደም ነው።

አንዱ ክትባት ሌላውን በሽታ እንደሚያስታግስ ከደቡብ አፍሪካም ተምረናል። ሶዌቶ ውስጥ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት የተሳተፉበትን የኒሞኮከስ ክትባት ሙከራ ሻቢር ማዲና ኪት ክሉግማን ሲተነትኑት፣ ክትባቱ ባክቴሪያ ላይ ያነጣጠረ ሆኖ ሳለ፣ ቫይረስ የተገኘባቸው የሳንባ ምች ሕሙማን ሕፃናት ቁጥር በ31 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ቫይረሱና ባክቴሪያው ተደጋግፈው እንደሚገድሉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። አዲስ አበባ ያለችው እህትሽ ልጆቿን በጤና ጣቢያ የምታስከትበው ይህ የኒሞኮከስ ክትባት፣ በአገራችን ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የኢንፍሉዌንዛው ግን በልጆች መደበኛ ክትባት ውስጥ የለም። በአገር ቤት ብዙ እናት ያላገኘችው ነገር አንቺ ሰፈር ባለ ፋርማሲ መገኘቱን አስቢው።

ክትባቱ የማያደርገውንም ልንገርሽ፤ አጋንኖ ተነግሮሽ ኋላ እንዳትከፊ። ከዓመቱ ቫይረስ ጋር በደንብ ሲገጥም እንኳ ኢንፍሉዌንዛ ይዞ ሐኪም ጋ የመሄድን ዕድል የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው፤ ሳይገጥም ሲቀር ከዚያም ያንሳል። ራይኖቫይረስን፣ አር ኤስ ቪን፣ ኮቪድን አይነካም። ስለዚህ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። አንቺ በየትኛውም የእርግዝና ወር በመርፌ የሚሰጠውን ውሰጂ፤ በአፍንጫ የሚረጨው ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ከ32ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ያለሽ ጊዜ ከመስከረም እስከ ጥር ውስጥ ከወደቀ ስለ አር ኤስ ቪ ክትባት፣ ከ27ኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ስለ ትክትኩ ሐኪምሽን ጠይቂ። ልጅሽ ፍሉ ሾት ተወግቶ የማያውቅ ከሆነ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስፈልገዋል። እናትሽ ከ65 ዓመት በላይ ስለሆነች፣ ለአረጋውያን የተዘጋጀውን ከፍ ያለ መጠን ያለውን ወይም ተመጣጣኙን ስጡን በይ፤ የኒሞኮከስና የአር ኤስ ቪም ክትባት ይገባታል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ በአስም የተዳከመ ሳንባ ያለው ሰው ክረምቱን ያለ መከላከያ አይጠብቅም።

እናትሽን ይዘሽ ስትሄጂ ዝም ብላ ክንዷን እንዳትሰጥ። ከዚህ በፊት መርፌ ክፉኛ ቆጥቷት እንደሆነ፣ ወይም ጊላን ባሬ የሚባለው እግርና እጅ የሚያዝል ሕመም ይዟት የሚያውቅ ከሆነ ትናገር። የእኛ ትልልቅ ሰዎች ለነጭ ሐኪም ሕመም ማውራት ያፍራሉ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም በያት። ጊዜውም ጥቅምት ሳያልቅ ቢሆን ይመረጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ካለፈሽ ግን በታኅሣሥም በጥርም ተወጊ፤ እናንተ አገር ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ጊዜ የሚበረታው የካቲት አካባቢ ነውና።

ቤትሽ ውስጥ መስኮት ክፈቺ። ብርድ ገባ ብላ እናትሽ ትቆጣለች፣ አውቃለሁ፤ ጋቢዋን ደርቢላትና ክፈቺው። ቡና ተፈልቶ አሥራ አምስት ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ የሚያስለው ሰው ትንፋሽ የትም አይሄድም። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም እንደሚባለው፣ ሳል ይዞ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሰው ሁሉ ጉንጭ መሳምም አይሆንም። የሚያስለው ሰው ጭንብል ያድርግ፣ ወይም ደውሎ ያጽናና። ዳማከሴውን፣ ዝንጅብሉን፣ ፌጦውን አልከለክልሽም፤ ያሳርፋል። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አንዲት ማንኪያም እንዳትሰጪ፤ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ከእናንተ አንዱ ድንገት በከባድ ትኩሳት፣ በቁርጥማትና በደረቅ ሳል ቢወድቅ፣ «ተከትበናልና ኢንፍሉዌንዛ አይደለም» ብላችሁ አትቀመጡ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውሉና የአፍንጫ ምርመራ ይደረግ። ኦሴልታሚቪር፣ ታሚፍሉ የሚሉት መድኃኒት፣ በይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው፤ አንቺም እንደ ነፍሰ ጡር፣ እናትሽም እንደ አረጋዊትና የአስም ሕመምተኛ ቅድሚያ የሚሰጣችሁ ናችሁ። የሐኪሙን የሌሊት ስልክ ቁጥር አሁኑኑ ፈልጊና ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።